የተቸገረን ከመርዳታችን በፊት፦ ትንሽ ጥናት ሠርቶ የመወሰን መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

በየሰፈሩና በየከተማው፣ በውጭ አገር ባሉ ማህበሮቻችንም ገንዘብ ይዋጣል። ለፋሲካ ዘይት ይገዛል። መስከረም ሲጠባ ደብተር ይታደላል። ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ወርሃዊ ድጎማ ይቆረጥላቸዋል። ይህ ሁሉ ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። ግን ለማን ይሰጥ፣ በየትኛው ወር ይሰጥ፣ በእህል ነው በብር የሚለው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በግምት ነው። ስብሰባ ላይ ደፍሮ የተናገረ ሰው ሐሳብ ያልፋል።

ተግባራዊ ምርምር የሚባለው ይህን ግምት በመረጃ ለመተካት ነው። ትልቅ ተቋምም ዲግሪም የግድ አይደለም። የዕድር ኮሚቴ፣ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም የወረዳ ማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በጥቂት ሳምንታት ሊሠራው ይችላል። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ከመጀመራችን በፊት፦ ሴፍቲኔት ምን ያስተምረናል?

ጥሩ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊትም ለረጅም ዓመታት አሠራሩ ተመሳሳይ ነበር። ዝናብ ይቀራል፣ የእርዳታ ጥሪ ይወጣል፣ እህሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ከተረጂው ውስጥ ብዙው ግን ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመትም ለጥቂት ወራት የሚቸገር ያው ሰው ነበር። ለዚህ ሰው የድንገተኛ ጊዜ እርዳታ ትክክለኛው መልስ አልነበረም። በየዓመቱ የሚመጣ ችግር በየዓመቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ድጋፍ ይፈልጋል።

በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዚህ ሐሳብ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ያቀፈ ነበር። መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ፣ የማይችለው ደግሞ ያለ ሥራ በዓመት ለ6 ወራት እህል ወይም ገንዘብ ያገኝ ነበር።

ለኛ ትልቁ ትምህርት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም (ኢፍፕሪ) ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጋር ሆኖ በየሁለት ዓመቱ ወደዚያው ቤተሰብ እየተመለሰ ጠየቀ። የመጀመሪያው ውጤት አንገት የሚያስደፋ ሊመስል ይችላል፤ በአማካይ ሲታይ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያገኝ ከታቀደለት ውስጥ በእጁ የደረሰው ስንት እንደሆነ አዩ። ቢያንስ ግማሹን ያገኙት የምግብ ዋስትናቸው ተሻሽሏል። አማካዩን ያወረዱት በጣም ጥቂት የደረሳቸው ናቸው። እንግዲህ ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው ማለት ነው። «ፕሮግራሙ አይሠራም» ተብሎ ቢዘጋ ኖሮ የተሳሳተ ውሳኔ ይሆን ነበር።

ይህን እየያዝን ወደ ደረጃዎቹ እንሂድ። ለማስረዳት እንዲመች አንድ ማህበር እናስብ። መዝገቡ ላይ 400 የተቸገሩ ቤተሰቦች አሉ። ለገናና ለፋሲካ ዘይትና ዱቄት ይሰጣል። አንዳንድ አባላት «ይሄን ትተን በክረምት ብር እንስጥ» እያሉ ነው።

1. የሚወሰነውን ነገር ጻፉት

«የድህነትን ሁኔታ ማጥናት» ውሳኔ አይደለም። «የበዓሉን ስጦታ እንቀጥል ወይስ በሐምሌና በነሐሴ ወደሚሰጥ ብር እንቀይረው?» ግን ውሳኔ ነው። ወረቀት ላይ አራት ነገር አስፍሩ፦ ምርጫዎቹን፣ የሚወስነውን አካል፣ ውሳኔው የሚያስፈልግበትን ቀን፣ ያላችሁን ገንዘብ።

ከዚያ ቀጥሎ የምትጽፉት መስመር ከሁሉም ይበልጣል፦ «መልሱ እንዲህ ከሆነ እንዲህ እናደርጋለን።» በምሳሌያችን፣ «ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤተሰቦች ምግብ የሚያጥራቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ፣ አብዛኛውን ገንዘብ ወደ ክረምት እናዞራለን» ማለት ነው። ይህ ከጥናቱ በፊት በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። ውጤቱ ከታየ በኋላ ሁሉም ሰው ቁጥሩን ወደ ራሱ ሐሳብ መጎተቱ አይቀርም። መልሱ ምንም ይሁን ምን የምታደርጉት አንድ ከሆነ ደግሞ ጥናቱን ተዉት፤ ገንዘቡን ለሰዎቹ ስጡት።

2. አስቀድሞ የተገኘውን ፈልጉ

ሌላ ሰው የደከመበትን እንደገና መድከም አያስፈልግም። ትምህርት ቤት የሚያቋርጡ ልጆች መዝገብ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን ጓዳ ምን እንዳለ ከማንም በላይ ታውቃለች። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ መረጃ ያወጣል። የሰፈሩ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩ በየትኛው ወር እንደሚሞላ ይነግራችኋል። የማንንም ስም ግን አትጠይቁት።

ከሌላ ቦታ የተገኘ ውጤትም ይጠቅማል። ኬንያ ውስጥ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ ለአንዳንድ የገጠር ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጽሐፍ ሰጥተው ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጸሩ። የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት አልጨመረም። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 ከአቢጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። መጽሐፍ ለማሰባሰብ የተነሳ ማህበር ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ «ልጆቹ ማንበብ የሚችሉት በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ ይጀምራል።

በእህልና በብር መካከል ለሚያመነታም የራሳችን ታሪክ አለ። ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ ወደ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ የተተመነ ነው። በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር ከፍ አለ። የእህል ዋጋ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ሮጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ስቴፈን ዴቨሩና ራቸል ሳባቴስ ዊለር ያደረጉት ጥናት እህል ወይም እህልና ብር ቀላቅለው የወሰዱት ብር ብቻ ከወሰዱት የተሻለ እንደነበሩ አሳየ። ብዙ ተጠቃሚዎችም እህል መረጡ። ይህ «ብር መጥፎ ነው» ማለት አይደለም። ዋጋ በረጋበትና ገበያው ቅርብ በሆነበት ቦታ ብር ለሰው ምርጫ ይሰጣል። ዋጋ ሲንር ግን የብሩ አቅም እየሟሸሸ ጉዳቱ የሚያርፈው ተረጂው ላይ ነው።

3. ምን እንደምትለኩ ምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። «ኑሯችሁ እንዴት ነው?» ብትሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ትባላላችሁ። ከዚህ የሚቆጠር ነገር አይወጣም።

ለምግብ ችግር ቀላልና የተፈተነ ጥያቄ አለ። ያለፉትን 12 ወራት በየስማቸው እየጠራችሁ፣ «በዚህ ወር ቤተሰቡን በበቂ መመገብ አስቸግሯችሁ ነበር?» በሉ። የሴፍቲኔት ጥናቶችም ዋና መለኪያ ያደረጉት የችግር ወራትን ቁጥር ነው። በዚህ ሲለካ ለ5 ዓመት የተጠቀመ ቤተሰብ አንድ ዓመት ብቻ ከተጠቀመው ጋር ሲተያይ የችግር ጊዜው በዓመት በ1.29 ወር አጥሯል። አንድ ወር ከሳምንት ማለት ነው። ልጆች ላሉት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለማህበራችን የሚሆኑ ሌሎች ጥያቄዎች፦ ባለፈው ወር ከሱቅ በዱቤ ወስዳችኋል? ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቷል? በቀን ስንት ጊዜ በላችሁ? የቤት ዕቃ ሸጣችኋል? አሥራ አምስት ጥያቄ ይበቃል። አርባ ጥያቄ ሰው ያሰለቻል፤ ከሠላሳኛው በኋላ ያለው መልስም አይታመንም።

ልትለውጡት የምትችሉትን ነገር ለኩ። በሴፍቲኔት የቤተሰብ የምግብ ክፍተት ጠብቧል፣ የሕፃናት መቀንጨር ግን በፕሮግራሙ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። መቀንጨር ከምግብ ብዛት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ንጹህ ውሃ፣ የእናት ጤና፣ የሕፃን አመጋገብ፣ ተቅማጥ ሁሉ ይነኩታል። ይህ ከታወቀ በኋላ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራ የሚያርፉበት ጊዜ እንዲረዝምና የጤና ክትትል እንዲጨመርላቸው ተደርጓል። ዘይትና ዱቄት የሚሰጥ ማህበርም የሕፃናትን ቁመት ለክቶ «አልተሳካልንም» ቢል ራሱን ይበድላል።

ጊዜውንም አጢኑት። በጥር፣ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ የጠየቃችሁት አርሶ አደር በነሐሴ ከምታገኙት የተለየ መልስ ይሰጣል። «ትናንት ምን በላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በረቡዕና በዓርብ ጾም ማግስት ወይም በዐቢይ ጾም ከተጠየቀ ወተትና እንቁላል መጥፋቱ ድህነትን ላያሳይ ይችላል። የበዓል ማግስት ደግሞ የተቸገረውም ቤት ሥጋ ይገኛል። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዙር ጥናት በአንድ ወር፣ በተመሳሳይ የጾም ወይም የፍስክ ወቅት አድርጉት።

4. ማንን እንደምትጠይቁ በዕጣ ወስኑ

400ውን ሁሉ መጠየቅ የለባችሁም። 80 ቤተሰብ በዕጣ ከተመረጠ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ወደላይም ወደታችም ከ10 ከመቶ ገደማ በላይ አይርቅም። ለእንዲህ ያለ ውሳኔ ይበቃል። መዝገቡን ከ1 እስከ 400 ቁጥር ስጡት። ከ1 እስከ 5 ባለው መካከል አንድ ዕጣ አውጡ። 3 ከወጣ 3ኛው፣ 8ኛው፣ 13ኛው እያላችሁ ቀጥሉ። የተመረጠው ሰው ቤቱ ከሌለ ሌላ ቀን ተመለሱ። ጎረቤቱን በቦታው አትተኩ። ውሎ ቤት የሚገኝ ሰውና ለቀን ሥራ የወጣ ሰው ኑሯቸው አንድ አይደለም።

መዝገቡ ራሱ ግን የማያውቃቸው ሰዎች አሉ። ደባል የሆነ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ፣ የዕድር መዋጮ መክፈል ስላልቻለ የተሰረዘ። ብዙ ጊዜ የድሃ ድሃ የሚባለው እነዚህ ውስጥ ነው። መምህራንን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንና ቤት አከራዮችን ጠይቃችሁ ከመዝገብ ውጭ ያሉ ሃያ ያህል ቤቶችን ለብቻ እዩ። ከ80ዎቹ ጋር ግን አትደምሯቸው።

5. ፈቃድ፣ ክብርና ምስጢር

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምጨነቅበት ደረጃ ይህ ነው። በአገራችን ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ስም ከጻፈ እርዳታ ሊመጣ ነው ማለት ነው። ተስፋው ወዲያው ይሰራጫል። «ስሜ ተጽፎ ነበር» ብላ ለወራት የምትጠብቅ እናት አለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ንግግር ግልጽ ይሁን፦ «ይህ ጥያቄ እርዳታ ለማግኘት የሚደረግ ምዝገባ አይደለም። የተመረጡት በዕጣ ነው። ቢመልሱም ባይመልሱም የሚያገኙት ነገር አይቀርም፣ አይጨመርም። መመለስ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ።» ይህን ካላላችሁ ሰው ችግሩን አግዝፎ ይነግራችኋል። ጥፋቱም የሱ አይደለም።

ችግሩን የሚደብቅም ብዙ ነው። ትናንት ደህና የነበረ፣ ዛሬ የተቸገረ ሰው በጎረቤት ፊት «ዱቤ አለብኝ» አይልም። ጠያቂው የዚያው መንደር ልጅ አይሁን። ጥያቄው ሌላ ሰው በሌለበት ይደረግ። አረጋዊ ወይም አረጋዊት ሲሆኑ «አባባ»፣ «እማማ» ተብሎ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ቡና ከቀረበም ተጠጥቶ ይጠየቅ።

ስም አንድ ወረቀት ላይ፣ መልስ ሌላ ወረቀት ላይ ይሁን። ሁለቱን የሚያገናኘው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙ የተጻፈበት ወረቀትም ተቆልፎ ይቀመጥ። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ስላለ ጉዳዩ የሕግም ነው። ፎቶ አታንሱ። ዘይት ተቀብላ የቆመች እናት ፎቶ በቴሌግራም መለቀቁ ለለጋሽ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ለልጆቿ ግን ትምህርት ቤት የሚከተላቸው ነገር ነው።

6. ጠያቂዎችን አሠልጥኑ፣ መጠይቁን ሞክሩ

አራት ጠያቂዎች በቀን አምስት አምስት ቤት ቢያዩ 80ው በአራት ቀን ያልቃል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሥልጠና፣ አንድ ቀን ደግሞ ናሙናው ውስጥ በሌሉ ቤቶች ሙከራ ይኑር። ሰዎች ደጋግመው «ምን ማለትህ ነው?» ያሉበትን ጥያቄ ቀይሩት። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው መተግበሪያ ኢንተርኔት በሌለበትም በስልክ ይሠራል፣ ለትናንሽ ድርጅቶችም በነጻ ይገኛል። ወረቀትም ይሆናል። ማታ ማታ የዕለቱን መልሶች አንድ ሰው ይያቸው። የአንድ ጠያቂ ወረቀቶች ሁሉ ተመሳሳይ መልስ ካላቸው በማግስቱ አብሮት ይሂድ።

ጠያቂዎቹ በጠና የታመመ ወይም በጣም የከሳ ሕፃን ቢያዩ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሞ ይነገራቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። የጥናቱ ሥራ ይቆይ።

7. ማነጻጸሪያ አዘጋጁ

ስጦታው ወደ ክረምት ተዛውሮ በሚቀጥለው ዓመት ኑሮ ቢሻሻል በእናንተ ምክንያት ነው? ወይስ አዝመራው ጥሩ ስለነበር? ያለ ማነጻጸሪያ አይታወቅም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን የድሃ ቤተሰቦች ድጎማ ስትጀምር ከ506 ገጠር መንደሮች 320ው ቀድመው እንዲጀምሩ፣ 186ቱ እንዲቆዩ በዕጣ ለየች። በጀቱ ለሁሉም በአንዴ አይበቃም ነበር። የተገኘው ማስረጃ ጠንካራ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2000 ሥልጣን ወደ ሌላ ፓርቲ ሲያልፍም ፕሮግራሙ አልተዘጋም፤ ስሙ ተቀይሮ ቀጠለ።

የእናንተም ገንዘብ ዘንድሮ ለ200 ቤተሰብ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዕጣውን ሰው በተሰበሰበበት አውጡ። ዕቁብ ለለመደ ሕዝብ ዕጣ ፍትሐዊ መሆኑን ማስረዳት አይከብድም። የቀሩት 200 በሚቀጥለው ዓመት ይገባሉ። አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊና የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ግን ዕጣ ውስጥ አይግቡ፤ ወዲያው ይረዱ።

400ውንም ጠይቃችሁ እንኳ በ200 እና በ200 መካከል በአስተማማኝ ሁኔታ ልታዩት የምትችሉት ልዩነት ወደ 14 ከመቶ ነጥብ ገደማ ነው (ለምሳሌ ከ50 ከመቶ ወደ 36 ከመቶ)። ከዚያ ያነሰ ለውጥ ቢኖርም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ልዩነት ካላገኛችሁ «ጥቅም የለውም» አትበሉ፤ «ትልቅ ለውጥ አላየንም» በሉ።

8. ቁጥሩን አንብቡ

የመጀመሪያው ሠንጠረዥ «የታቀደው በእጅ ደርሷል ወይ?» የሚለው ይሁን። የሴፍቲኔት ጥናት ያስተማረን ይህንን ነው። ከዚያ በየወሩ የተቸገሩትን ቤቶች ቁጥር በአንድ ሥዕል አሳዩ። ለገቢና ለዱቤ አማካይ ከመውሰድ መልሶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሐል ላይ ያለውን ቁጥር ውሰዱ። አንድ ባለ ትልቅ ዕዳ ቤት አማካዩን ያዛባዋልና። በሴት የሚመሩ ቤቶችን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ ተከራዮችን ለየብቻ እዩ። ከእያንዳንዱ ክፍል የተጠየቁት አሥር የማይሞሉ ከሆነ መቶኛ አታውጡ፤ የነገሯችሁን ጻፉ።

9. ለሕዝቡ መልሱት፣ ከዚያ ወስኑ

ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለተጠየቁት ሰዎች አንብቡላቸው። «ትክክል ነው? ምን ቀረ?» በሉ። ቁጥር ያልያዘው ነገር እዚህ ይወጣል። ለምሳሌ የፋሲካ ዘይት ሲነሳ አንዲት እናት «በዓልን እንደ ሰው መዋልስ?» ልትል ትችላለች። ይህ ከካሎሪ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። በኔ እምነት ቁጥሩ ወደ ክረምት ቢያመለክትም ከበዓሉ ስጦታ ትንሽ ድርሻ መተው ተገቢ ነው። ጥናት ለውሳኔ መረጃ ያቀብላል፤ ለሰዎቹ የሚከብደውንና የሚቀለውን ግን የሚመዝኑት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ቃለ ጉባኤው ተመለሱ። ከጥናቱ በፊት የጻፋችሁት መስመር ምን ይላል? እሱን ተከተሉ። የማትከተሉት ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሩ።

10. የሚታይበትን ቀን አሁኑኑ ቁረጡ

ብር ለመስጠት ከወሰናችሁ በየሦስት ወሩ የጤፍን፣ የበቆሎን፣ የዘይትንና የሽንኩርትን ዋጋ ከአንድ ገበያ፣ ከተመሳሳይ ሦስት ሻጮች ጠይቁ። ድምሩ በ15 ከመቶ ከጨመረ የድጎማው መጠን ለስብሰባ እንደሚቀርብ ደንብ አድርጉት። መጠኑን መጨመር የማትችሉ ከሆነ ግማሹን በእህል የምትሰጡበትን መንገድ ከአሁኑ ከአንድ ወፍጮ ቤት ወይም ከሸማቾች ማህበር ጋር ተነጋገሩ። ሁለተኛው ዙር ጥናት የሚሠራበትን ወር፣ የሚመራውን ሰውና ለጠያቂዎች የሚከፈለውን ገንዘብ በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍራችሁ ፈርሙበት።